ያልተጠየቀው ተመራጭ

በየማደሪያ ቤታችን ማታ ማታ የሚደረገውን ክርክር የማያውቅ ተማሪ የለም። አርሴናል ማንን ይግዛ፣ ማንቸስተር ማንን ይሽጥ እየተባለ መብራት እስኪጠፋ ድረስ ጉሮሮ ይደርቃል። ተከራካሪዎቹ አንድ ሳንቲም የማያዋጡ፣ ለነገው ፈተና ያልተዘጋጁ፣ ነገር ግን ስለ ሰው አገር ክለብ ወጪ ከራሱ ከክለቡ ገንዘብ ያዥ ይልቅ የሚጨነቁ ናቸው። እኛም ከነዚሁ ወገን ስለሆንን ለመንቀፍ አልተነሣንም። ዛሬ የምንጽፈው ከዚህ ስለሚብሰው ስለ አሜሪካኖች ክርክር ነው፤ ክርክሩ የሚካሄደው በእኛው ዕድሜ ባለ ተማሪ ላይ ስለሆነ ነገሩ ይመለከተናል ብለን እናምናለን።

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት ጨዋታ ኳሱ በሁለት ጫፍ የሾለ፣ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ የሚያዝ ነው፤ ስሙን ለምን ከእግር ጋር እንዳያያዙት እነሱ ይወቁት። ለደመወዝ የሚጫወቱት ትልልቆቹ ቡድኖች 32 ናቸው። እነዚህም በየዓመቱ በሚያዝያ ወር ከየዩኒቨርሲቲው የሚወጡትን ተጫዋቾች በተራ በተራ ስም እየጠሩ ይወስዳሉ። ይህ ምርጫ ድራፍት ይባላል። (ድራፍት ሲባል በትልቅ ብርጭቆ የሚቀዳው ትዝ ያለው ወንድማችን ይታገሠን።) ምርጫው 7 ዙር አለው፤ የደጋፊው ልብ የሚንጠለጠለው ግን በመጀመሪያው ዙር ነው። ባለፈው ዓመት ከሁሉ የከፋ ውጤት ያገኘው ቡድን በመጀመሪያ ይመርጣል፤ ዋንጫ የወሰደው 32ኛ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። ቡድኖች ተራቸውን እርስ በርስ ሊለዋወጡ ይችላሉ፤ ተመራጩ ግን ቡድኑን ሊለውጥ አይችልም። ከመረጠው ቡድን ጋር ካልተስማማ በዚያ ዓመት በሌላ ቡድን ልጫወት ማለት አይፈቀድለትም።

አሳቡ የመነጨው በ1935 የፊላደልፊያ ኢግልስ ባለቤት ከነበረው ከበርት ቤል ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) የሰውዬው ቡድን ሁልጊዜ ተሸናፊ ነበር፤ ጥሩ ጥሩዎቹን ልጆች ባለገንዘቦቹ እየቀደሙ ይወስዱበታል። ስለዚህ ደካማው ይቅደም ብሎ ሐሳብ አቀረበ፣ ተቀባይነትም አገኘ፤ በ1936 የመጀመሪያው ምርጫ እዚያው ፊላደልፊያ በአንድ ሆቴል ተደረገ። ገበያ ነፃ ይሁን የሚለው ስብከት ከሁሉ ጎልቶ በሚሰማበት አገር የመጨረሻው ፊተኛ የሚሆንበት ሥርዓት መገኘቱ ያስገርማል። አሳቡን እንደ አሳብ ለመንቀፍ አንደፍርም። አውሮፓ ሥርዓቱ ስለሌለ ምን እንደሚሆን እናያለንና፦ የስኮትላንድን ሊግ ከ1986 እስከ 2025 ድረስ ሴልቲክና ሬንጀርስ የተባሉት ሁለት የግላስጎ ክለቦች ብቻ ተቀባብለውታል።

እንግዲህ ወደ ደጋፊዎቹ እንምጣ።

በ1998 የፊላደልፊያው ኢግልስ ከ16 ጨዋታ 13ቱን ተሸነፈ። በዚህም መከራ ምክንያት በ1999 ምርጫ ሁለተኛውን ተራ አገኘ። ከተማይቱ ወራት ሙሉ ተከራከረች። ብዙዎቹ የፈለጉት ሪኪ ዊሊያምስን ነበር፤ ይህ ልጅ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ኳስ ይዞ በመሮጥ ስመ ጥር የሆነ፣ በ1998 የዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾችን ትልቁን ሽልማት የወሰደ ነው። የቡድኑ ሹማምንት ግን ዓይናቸውን የጣሉት በዶኖቫን ማክናብ ላይ ነው፤ እርሱ ደግሞ በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ ኳርተርባክ፣ ማለት ኳሱን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው የጨዋታው መሪ ነበር። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ለዊሊያምስ የሚጮኹ ሠላሳ ያህል ደጋፊዎች ሰብስቦ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የምርጫ አዳራሽ ወሰደ። የማክናብ ስም ሲጠራ አዳራሹ በተቃውሞ ጩኸት ተናወጠ። የ22 ዓመት ወጣት፣ በሕይወቱ ትልቁ ቀን ነው በተባለበት ቀን፣ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን እያየው፣ ሊያገለግላቸው በመጣቸው ሰዎች ጩኸት መድረክ ላይ ወጣ። ምን በደለ? ስሙ ተጠራ፤ ሌላ ምንም አላደረገም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አሜሪካ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ማክናብ በፊላደልፊያ 11 የውድድር ዘመን ተጫወተ፤ ቡድኑን አምስት ጊዜ ወደ ምድቡ ፍጻሜ አደረሰው፤ በ2005 ለታላቁ ዋንጫ ቀርበው 24 ለ 21 ተሸነፉ። በ2013 የለበሰው 5 ቍጥር ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ተወስኖ በክብር ተቀመጠ። ዊሊያምስን ደግሞ ኒው ኦርሊንስ የወሰደው በዚያ ዓመት የነበሩትን የምርጫ ተራዎች በሙሉ፣ ከተከታዩ ዓመትም ሁለት ጨምሮ አስረክቦ ነው። ያን ዓመት 3 ጊዜ ብቻ አሸንፎ አሠልጣኙ ማይክ ዲትካ ተባረረ።

ይህን ስንል ግን ፍርደ ገምድል እንዳንሆን። ጯኺዎቹ ሞኞች አልነበሩም። ዊሊያምስ በ2002 በማያሚ ሳለ ኳስ ይዞ በመሮጥ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ወጥቷል። የደጋፊዎቹ ስሕተት ሌላ ነው፤ ማንም በማያውቀው ነገር ላይ እንደሚያውቁ ሆነው መጮኻቸው ነው። ካድ ማሲና ሪቻርድ ቴለር የተባሉ ምሁራን (ሁለተኛው በ2017 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው) ይህን ምርጫ መርምረው በ2013 አንድ ጥናት አሳትመዋል። በአንድ ዓይነት የጨዋታ ቦታ ተከታትለው ከተመረጡ ሁለት ልጆች መካከል ቀድሞ የተመረጠው በልጦ የተገኘው ከ100 በ52ቱ ብቻ ነው ይላሉ። ሳንቲም ወርውሮ አንበሳ ወይስ ሰው ብሎ ከመገመት ብዙ አይርቅም። ይህም የሆነው ደመወዝ የሚከፈላቸው መልማዮች ልጆቹን በሰዓትና በሜትር ከለኩ፣ ዓመታት ሙሉ ከተከታተሉ በኋላ ነው። ቶም ብሬዲ በ2000 በ6ኛው ዙር 199ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ሰባት ጊዜ ዋንጫ ወሰደ። ከርሱ በፊት የተጠሩትን 198 ስሞች በእርግጠኝነት የተከራከሩባቸው ሰዎች ነበሩ።

ዳሩ ግን የክርክሩ ዋና ጉድለት ግምቱ መሳቱ አይደለም፤ ግምት የሰው ነው። ጉድለቱ ከተጠየቁት ጥያቄዎች ሁሉ አንዱ መታጣቱ ነው። ማንን እንውሰድ፣ ስንተኛ እንውሰድ፣ በማን እንለውጥ ይባላል፤ ልጁስ ወዴት መሄድ ይፈልጋል የሚል የለም። ሽማግሌ ተልኮ ጋብቻ ሲቈረጥ ሙሽራይቱ ከጓዳ ሆና ስለ ራስዋ እንደምትሰማው ነው። እኛ እንኳ ዩኒቨርሲቲ ስንመደብ ምርጫችንን በቅጽ ሞልተናል። (ቅጹን ያነበበው ሰው ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው።) ለአሜሪካኑ ልጅ የቀረበለት ቅጽ የለም።

ነገሩ ለፍርድ ቤት ቀርቦም ነበር። ጄምስ ስሚዝ የተባለ የኦሬጎን ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች በ1968 በመጀመሪያው ዙር ለዋሺንግተን ተመረጠ፤ በመጀመሪያው ዓመቱ መጨረሻ ጨዋታ አንገቱ ተጐድቶ ከሜዳ ወጣ፣ አልተመለሰም። ምርጫው ባይኖር ኖሮ ከብዙ ቡድኖች ጋር ተነጋግሬ ከጉዳት የሚጠብቀኝን ውል እዋዋል ነበር ብሎ ከሰሰ። በ1976 ረታ፤ በ1978 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም ምርጫው በዚያን ጊዜ በነበረው አኳኋን የነፃ ውድድርን ሕግ የሚጥስ ነበር ሲል ፈረደ። ይሁን እንጂ በመካከሉ፣ በ1977፣ የተጫዋቾች ማኅበርና የቡድን ባለቤቶች በኅብረት ስምምነት ምርጫው ይቀጥል ብለው ተፈራረሙ፤ ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት የተዋዋሉበት ነገር በዚያ ሕግ ስለማይነካ ዛሬም የቆመው በዚሁ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን። የፈረመው የማኅበሩ አባል ነው፤ የሚታሰርበት ገና አባል ያልሆነው፣ ክፍል ተቀምጦ የሚማረው ልጅ ነው። በ2011 የሆነው ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ2010 አንደኛ የተመረጠው ሳም ብራድፎርድ ለ6 ዓመት 78 ሚሊዮን ዶላር ተዋዋለ፤ በዓመቱ ደመወዙ እንደየተራው የሚወሰንበት አዲስ ስምምነት መጣና አንደኛው ካም ኒውተን ለ4 ዓመት 22 ሚሊዮን ያህል አገኘ። በመጀመሪያው ዙር የተመረጠውንም ቡድኑ ሲፈልግ አምስተኛ ዓመት ያቈየዋል። ከጠረጴዛው ያልተቀመጠ ሰው ድርሻ ለመቈረጥ ሁልጊዜ የቀለለ ነው።

አንድ ወዳጃችን ይህን ረቂቅ አንብቦ፦ «ለሚሊዮነር ልታለቅሱ ነው?» ብሎ ሳቀብን። ገንዘቡ ብዙ መሆኑን አልካድንም። ነገር ግን እምቢ ማለት የቻሉትን እንይ። ጆን ኤልዌይ በ1983 ለባልቲሞር አልጫወትም ሲል ቤዝቦል የሚጫወትበት ሌላ በር ነበረው፤ ወደ ዴንቨር ተለወጠ። ቦ ጃክሰን በ1986 ታምፓ ቤይን ንቆ በእርግጥም ወደ ቤዝቦል ሄደ። ኢላይ ማኒንግ በ2004 ሳን ዲዬጎን አልፈልግም ሲል አባቱ ራሱ በሙያው የታወቀ ሰው ነበር፤ በዚያው ዕለት ወደ ኒው ዮርክ ተላለፈ። ሌላ በር ወይም ስም ያለው አባት የሌለው ልጅ የተጠራበት ይሄዳል፤ ከተጮኸበትም ፈገግ ብሎ የተሰጠውን ቆብ ያጠልቃል።

ደጋፊዎቹ ክርክራቸውን ይተዉ አንልም፤ እኛም የማታውን ክርክራችንን አንተውም። ደካማውን ለማስቀደምም የሰውን አፍ መዝጋት ግድ አይመስለንም። ልጁ የሚፈልጋቸውን ጥቂት ቡድኖች ይጻፍ፤ ከነዚያ መካከል ደካማው ይቅደም፤ ማንም የማይጽፈው ቡድን ካለ ለምን እንዳልተጻፈ ባለቤቱ ራሱን ይጠይቅ።

በ1936 በዚያ ሆቴል ከሁሉ በፊት ስሙ የተጠራው ጄይ በርዋንገር የተባለ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ፊላደልፊያ መረጠው፤ መብቱን ለቺካጎው ቡድን አሳልፎ ሰጠ፤ ልጁ በደመወዝ ስላልተስማማ ለአንዱም ሳይጫወት ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።