መጀመሪያ ኑርበት

በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ሠርግም ይሁን ለቅሶ ላይ ሲገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ የቤት ዋጋ ላይ ማረፉ አይቀርም። እገሌ ባልቲሞር ውስጥ አሮጌ ቤት በርካሽ ገዝቶ፣ ወለሉን ቀይሮ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በስድስት ወር መቶ ሺህ ዶላር አተረፈ ይባላል። የከሰረ ስለማያወራ የምንሰማው ያተረፈውን ብቻ ነው። አተረፈ የተባለውም ብዙ ጊዜ የሚነግረን የገዛበትንና የሸጠበትን ዋጋ እንጂ በመሃል ያወጣውን አይደለም።

ያንን መሃል በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ቤት በ180 ሺህ ዶላር ገዛ፣ እድሳቱ 60 ሺህ ፈጀ፣ በ300 ሺህ ሸጠ እንበል። በአፍ ሲነገር 60 ሺህ ትርፍ ነው። ነገር ግን ባንክ ለፈራረሰ ቤት በቀላሉ ስለማያበድር ገንዘቡ የሚመጣው ከግል አበዳሪ ነው። ወለዱ 12 በመቶ ቢሆንና 200 ሺህ ለስድስት ወር ቢይዝ 12 ሺህ ይከፍላል፤ አበዳሪው ገና ሲጀመር የሚቆርጠው 2 በመቶ ሌላ 4 ሺህ ነው። የመግዣ ውል ማጠናቀቂያ (ክሎዚንግ) ወጪ 5,400። የንብረት ግብር፣ ኢንሹራንስ፣ መብራትና ውሃ 5 ሺህ። ሲሸጥ ለኤጀንት፣ ለስም ማዛወሪያና ለመሳሰለው ከዋጋው 8 በመቶ፣ ማለትም 24 ሺህ። ሁሉም ሲደመር 290,400 ይመጣል፤ እጁ ላይ የሚቀረው 9,600 ዶላር ነው። አሮጌ ቤት ግድግዳው ሲከፈት ምን እንደሚወጣው አይታወቅምና እድሳቱ ካሰበው በ15 በመቶ ቢበልጥበት 600 ዶላር ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በሥራው የቆዩ ሰዎች «የ70 በመቶ ሕግ» የሚሉት ለዚህ ነው። ቤቱ ታድሶ ከሚያወጣው ዋጋ 70 በመቶውን ያዝ፣ ከዚያ ላይ የእድሳቱን ወጪ ቀንስ፣ ከቀረው በላይ አትክፈል ይላሉ። በእኛ ስሌት 150 ሺህ ይመጣል። ሰውዬው 30 ሺህ አብልጦ ስለገዛ ትርፉን ያጣው በፈረመበት ዕለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ላብ ሁሉ ያንን ለማካካስ የፈሰሰ ነው። በ150 ሺህ የሚገኘውን ቤት ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ይዘው የሚያንዣብቡ ነባር ገዢዎች ጀማሪው ሳይሰማ ይወስዱታል።

ገንዘብም መረጃም የሞላለት እንኳ አልተሳካለትም። የአሜሪካን ቤቶች ዋጋ በኮምፒውተር በመገመት የታወቀው ዚሎው በ2018 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ራሱ ቤት እየገዛና እያደሰ መሸጥ ጀመረ። በኖቬምበር 2021 ሥራውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ በአንድ ሩብ ዓመት ብቻ የ304 ሚሊዮን ዶላር ኪሳራ መዝግቦ ነበር፤ ከሠራተኞቹም ሩብ ያህሉን እንደሚቀንስ ተናገረ። የሰጠው ምክንያት የቤት ዋጋ ከጥቂት ወራት በኋላ የት እንደሚደርስ በአስተማማኝ ሁኔታ መገመት አለመቻሉ ነው። ይህ የሆነው ዋጋ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለዚህ ፍሊፕ፣ ማለትም ቤት ገዝቶ አድሶ ቶሎ መሸጥ፣ ለጀማሪ ኢንቨስትመንት ነው ብዬ አላምንም። ሥራ ነው፤ ያውም ደመወዙ ያልተረጋገጠ የኮንትራክተርነት ሥራ። የግብር ሕጉም ከእኔ ጋር ነው። ቤት እያደሰ መሸጥን መተዳደሪያው ያደረገ ሰው በፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ በአይ አር ኤስ ዓይን ነጋዴ ነው፤ ትርፉ እንደ ተራ ገቢ ይቀረጣል፣ የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር 15.3 በመቶም ሊጨመርበት ይችላል።

በዚህ ላይ ባልቲሞር የራሷ ጉድ አላት። ብዙዎቹ ተያይዘው የተሠሩ የጡብ ቤቶች የቆሙት በሌላ ሰው መሬት ላይ ነው። ባለቤቱ ለመሬቱ ጌታ በየዓመቱ ትንሽ ኪራይ ይከፍላል፤ እኛ ሊዝ እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ አከራዩ መንግሥት ሳይሆን ግለሰብ መሆኑ ነው። በ2007 ሕጉ ከመሻሻሉ በፊት በዚህች ትንሽ ውዝፍ የተነሳ ቤታቸውን ያጡ ሰዎች ነበሩ። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የሚያከራይ ሰው ደግሞ በሜሪላንድ ሕግ ቤቱን ማስመዝገብና ስለ ሊድ (እርሳስ) ቀለም ምርመራ የምስክር ወረቀት ማውጣት አለበት። በባልቲሞር ርካሽ የሚባለው ቤት አብዛኛው ከዚያ ዘመን በፊት የተሠራ ነው።

አሁን ያንኑ ገንዘብ ይዞ ራሱ የሚኖርበትን ቤት የሚገዛ ሰው እንመልከት። የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር (ኤፍ ኤች ኤ) ዋስትና የሚሰጠው ብድር የክሬዲት ነጥቡ 580 ለደረሰ ሰው 3.5 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ ብቻ ይጠይቃል፤ ቤቱ እስከ አራት አባወራ የሚያኖር ሊሆን ይችላል፣ ገዢው ግን ቢያንስ አንድ ዓመት ሊኖርበት ይገባል። የ400 ሺህ ዶላር ባለሁለት አባወራ ቤት በ14 ሺህ ቅድሚያ ክፍያ ይገዛል ማለት ነው። ያንኑ ቤት ለማከራየት ብቻ የሚገዛ ሰው በመደበኛው ብድር 25 በመቶ፣ ማለትም 100 ሺህ ይጠየቃል። ማደስ ለሚፈልገውም 203ኬ የሚባል ብድር አለ፤ ቀለል ያለው ዓይነት እስከ 75 ሺህ ዶላር የእድሳት ወጪን ከግዢው ጋር አጠቃልሎ ያበድራል። ነፃ ስጦታ ግን አይደለም። መጀመሪያ ላይ 1.75 በመቶ፣ ከዚያም በየዓመቱ የኢንሹራንስ ክፍያ አለው፤ ቅድሚያ ክፍያው ከ10 በመቶ ካነሰም ክፍያው ብድሩ እስኪያልቅ ይከተላል። እኖርበታለሁ ብሎ ፈርሞ ቁልፉን ለተከራይ ማስረከብ ደግሞ ብልጠት ሳይሆን የብድር ማጭበርበር ነው።

ቅድሚያ ክፍያው ከየት ይምጣ? ከእኛ ሰው ብዙው ከዕቁብ ነው የሚያስበው፤ እዚህ ላይም ይቸገራል። ባንኩ የሒሳብ መግለጫውን ሲያገላብጥ ድንገት የገባ 20 ሺህ ዶላር ካየ ምንጩን ይጠይቃል፤ «ዕቁብ ደርሶኝ ነው» ሲባል የብድር ሠራተኛው ግር ይለዋል። ብዙዎች የማያውቁት ግን የኤፍ ኤች ኤ መመሪያ አባላቱ ራሳቸው የሚያስተዳድሩትን የቁጠባ ማኅበር እንደ ሕጋዊ የገንዘብ ምንጭ መቀበሉን ነው። ማኅበሩ መኖሩና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ፣ ገንዘቡም መድረሱ በሰነድ መረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ቤት የሚያስብ ዕቁብተኛ ክፍያውን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ያድርግ፣ ዳኛውና ጸሐፊው የሚፈርሙበት መዝገብም ይኑር። አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ገንዘቡ በብድር የመጣ እንዳይሆን ይፈለጋል። በመጀመሪያው ዙር ዕጣ የወጣለት ሰው ገና ሊከፍለው የሚገባው ስላለ ተበዳሪ ይመስላል፤ ወደ መጨረሻው የደረሰው ግን የወሰደው የገዛ ቁጠባውን ነው። ዕጣው በመጨረሻ ስለደረሰው የሚያማርር ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለው ይሆናል።

ገንዘቡ ከተገኘ ቀጣዩ የሚከራየውን ክፍል መመርመር ነው። በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በብዛት የሚከራየው ቤዝመንት (ምድር ቤት) ነው። ቤዝመንት ሲታይ ሰው ቀድሞ የሚመረምረው ኩሽናውንና ሻወሩን ነው፤ እኔ ግን መስኮቱን አያለሁ። እሳት ቢነሳ የሚያድር ሰው የሚወጣበት መስኮት ያስፈልጋል፤ በብዙ ቦታ የሚሠራበት የግንባታ ደንብ የመክፈቻው ታችኛው ጠርዝ ከወለሉ ከ44 ኢንች እንዳይበልጥ ይላል። እላይ ከጣሪያው ሥር የተሰነቀረች ጠባብ መስኮት ያለው ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር መኝታ ቤት አይባልም፣ የኪራይ ፈቃድም አያሰጥም። መስኮቱን ለማስፋት መሠረቱን መቁረጥና ውጭውን መቆፈር ግድ ነው። ያ ወጪ በግዢው ዋጋ ካልተቀነሰ ከገዢው ኪስ ይወጣል።

ከዚያ ተከራይ ሲገባ ይሉኝታ ይመጣል። ተከራዩ የአክስት ልጅ፣ ወይም የጓደኛ ወንድም ነው፤ ውል አይጻፍም፣ ማስያዣ አይጠየቅም፣ ኪራይ ሲያልፍ «ይቅር በቃ» ይባላል። እዚያው ቤት የሚኖር አከራይ ቢያንስ የሚሆነውን በዓይኑ ያያል፤ የቧንቧው ፍሳሽ ጣሪያ ከማበስበሱ በፊት ይደርስበታል። ውል ይጻፍ፣ ለዘመድም ቢሆን።

ሕጉም ትንሹን ባለቤት ከትልቁ ይለያል። ሲልቨር ስፕሪንግ ባለችበት በሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2024 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪን ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ከሁለት ያልበለጡ ቤቶች የሚያከራይን ግለሰብ ግን አይመለከተውም። በዲሲም አራትና ከዚያ በታች ቤቶች የሚያከራይ ግለሰብ፣ ተመዝግቦ ከጠየቀ፣ ከኪራይ ቁጥጥሩ ነፃ ነው። በ1967 ዓ.ም. (ይህኛው በእኛ አቆጣጠር) ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የወላጆቹን መጦሪያ ያጣ ቤተሰብ የኪራይ ገቢ በመንግሥት ደንብ ላይ እንደሚቆም ማንም ሊያስረዳው አይገባም።

ትልቁ ጥቅም ያለው ግን መሸጫው ላይ ነው። ቤቱ ከመሸጡ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ሁለቱን የኖረበት ሰው ከትርፉ ላይ 250 ሺህ፣ ግብራቸውን አብረው የሚያሳውቁ ባልና ሚስት 500 ሺህ ዶላር ድረስ የፌዴራል ግብር አይከፍሉም። ይህ የሚሠራው እሱ ለኖረበት መኖሪያ ነው፤ ራሱን ችሎ ከተከራየው መኖሪያና በየዓመቱ በእርጅና ስም ከተቀነሰው ላይ ግብር አለ። ስለዚህ ቅዳሜና እሑድ ኩሽናውን ቀስ እያለ የሚያድስ ባለቤት፣ በስድስት ወር ሊጨርስ ከሚሯሯጠው ይልቅ ትርፉ እጁ ላይ ይቀርለታል። ሁለቱን ዓመት ከጨረሰ በኋላ ቢወጣና ሙሉ ቤቱን ቢያከራይ ደግሞ ሕጉ የሦስት ዓመት ፋታ ይሰጠዋል፤ አከራይነት ከሰለቸው በዚያ ጊዜ ውስጥ ሸጦ መውጣት ይችላል።