የኮምፒዩተር ጥበብ የተማረ ወጣት ወዴት ይሂድ?

ሰው እንጀራውን ፍለጋ ካገር ወዳገር መዛወሩ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ነገር ግን በዘመናችን የኮምፒዩተርን ጥበብ የተማሩ ልጆቻችን ትምህርታቸውን በፈጸሙ ማግሥት የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ ይኸውም «ለሙያዬ የተሻለ ሥራ የማገኘው በየትኛው አገር ነው?» የሚል ነው። ጥያቄውንም ለወላጆቻቸው፣ ለንስሐ አባታቸውና ለአለቃቸው ያቀርባሉ። ከሚጠየቁትም አንዳንዱ «ካገርህ አትውጣ» ብሎ ይገሥጻል፤ አንዳንዱም «ዶላር ወዳለበት ሂድ» ብሎ ይሸኛል። ሁለቱም ግን ምክር ሊባሉ አይገባም፤ የፊተኛው የልጁን ችግር አልመረመረም፤ የኋለኛውም ልጁ የሚሄድበትን ስፍራ አልመረመረም።

ለዚህ ጥያቄ አገራችን የቆየ ሥርዓት አላት። የቤተ ክርስቲያን ተማሪ አኩፋዳውን አንግቦ ከወላጆቹ ቤት ሲወጣ፣ የሚሄድበትን ስፍራ የሚመርጠው በገበያው ስፋት ወይም በድግሱ ብዛት አይደለም። ድጓ የፈለገ ወደ ቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አምባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር በአታ፣ ቅኔ የፈለገ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሄዳል። ተማሪው ለምኖ የሚያገኘው ቁራሽ በሁሉም ስፍራ ያው ነው፤ የሚለየው መምህሩ ነው። ተመርቆም ሲወጣ የሚከበረው ከማን እግር ሥር እንደ ተማረ ስለሚታወቅ ነው። የኮምፒዩተር ተማሪም ስፍራውን በዚሁ ሚዛን ይምረጥ፤ ከደመወዙ አስቀድሞ መምህሩን ይጠይቅ እንላለን።

ይህም ምክር የአገራችን ልማድ ብቻ እንዳይመስል፣ የሌላውን ዓለም ታሪክ መመልከት ይበቃል። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዛሬ ሲሊከን ቫሊ የሚባለው ስፍራ ቀድሞ የፍራፍሬ ተክል የሞላበት ሸለቆ ነበር። በ1891 ዓ.ም. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በዚያ ተከፈተ፤ በ1939 ዓ.ም. ከዚያው የተመረቁት ሂውሌትና ፓካርድ በአንድ ትንሽ ጋራዥ ሥራ ጀመሩ፤ በ1957 ዓ.ም. የተቋቋመውን የፌርቻይልድ ኩባንያ ትተው የወጡ ሰዎችም በ1968 ዓ.ም. ኢንቴልን መሠረቱ። በሕንድም የባንጋሎር ከተማ ታሪክ ይህንኑ ይመስላል። የሕንድ የሳይንስ ኢንስቲትዩት የተመሠረተው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወደዚያ የመጣው በ1985 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በሁለቱም ስፍራ ወንበሩ አስቀድሞ ተዘረጋ፤ ሥራው ኋላ ተከተለ።

ከመምህሩ ቀጥሎ የሚመረመረው ሕጉ ነው። ኤች ዋን ቢ በሚባለው የአሜሪካ የሥራ ቪዛ በየዓመቱ የሚፈቀደው ቍጥር 65,000 ሲሆን፣ በዚያው አገር ከፍተኛ ዲግሪ ለተቀበሉ ደግሞ 20,000 ይጨመራል። ጠያቂው ከዚህ ሲበልጥ በዕጣ ሲለይ ቆይቷል። በመስከረም 2025 ዓ.ም. ደግሞ ከውጭ አገር ለሚያስመጣው አዲስ ሠራተኛ አሠሪው 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ አዋጅ ወጣ። በጀርመን ግን ከሰኔ 2024 ዓ.ም. ጀምሮ በጸናው ሕግ፣ ሙያና መተዳደሪያ ገንዘብ ያለው ሰው ሥራ እየፈለገ እስከ አንድ ዓመት እንዲቀመጥ ይፈቀድለታል። ስለዚህ የአገሩን ሕግ ሳያነብ ቤቱን ሸጦ የሚነሣ ሰው፣ ወንዙን ሳይለካ እንደሚሻገር መንገደኛ ነው።

ሦስተኛው የኑሮው ወጪ ነው። ደመወዝ በስሙ ትልቅነት አይመዘንም፤ ከቤት ኪራይና ከግብር በኋላ በሚተርፈው ይመዘናል እንጂ። ሎጥ የዮርዳኖስን ልምላሜ ብቻ ዐይቶ ወደ ሰዶም እንደ ቀረበና ኋላ ምን እንዳገኘው ካህናት አባቶች ጠንቅቀው የሚያውቁት ነው።

ደግሞም መምህር የሚገኘው ባሕር ማዶ ብቻ ነው ማለት አይደለም። በኬንያ ኤምፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የማዘዋወር ሥራ የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው፤ ማይክሮሶፍትም በ2019 ዓ.ም. በናይሮቢ የሥራ ማዕከል ከፍቷል። በኪጋሊ የአሜሪካው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ወጣቱ ሩቁን ከመመኘት በፊት እነዚህን የቅርብ ጎረቤቶች ቢመረምር ይጠቀማል።

አሁን ቃላችንን ወደ ሹማምንት እንመልሳለን። በአገራችን በ2020 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኢንስቲትዩት ተቋቁሟል፤ በ2021 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀምሯል፤ በ2024 ዓ.ም. አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን የኮምፒዩተር ፕሮግራም አጻጻፍ ለማስተማር ታቅዶ ሥራው ተጀምሯል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ፊደል የቈጠረ ሁሉ ቅኔ እንደማይቀኝ፣ ይህንንም ትምህርት የጀመረ ሁሉ ከባለሙያ ጋራ በሥራ ላይ ካልዋለ ሊቅ አይሆንም። ስለዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ከውጭ ኩባንያ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲገዛ፣ ከባለሙያው ጎን የኛ ልጆች ተቀምጠው ሥራውን እንዲማሩ በውሉ ውስጥ ሊያስገባ ይገባዋል። ባገሩ ተቀምጦ በኢንተርኔት ለውጭ አሠሪ ለሚሠራውም የመብራቱና የመስመሩ አለመቋረጥ እንደ መንገድና እንደ ድልድይ ሊታሰብለት ይገባል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚመለሰውን ማሰብ ያስፈልጋል። የድጓው ተማሪ ከቤተ ልሔም ተመርቆ ሲመለስ ደብሩ ወንበር ዘርግቶ ይቀበለዋል፤ እርሱም በተራው ሌሎችን ያስተምራል፤ ትምህርቱም ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይቋረጥ የቆየው በዚህ ነው። በኮምፒዩተር ጥበብ የሠለጠነው ልጅ ግን ዐሥር ዓመት ሠርቶ ሲመለስ ወንበሩ ካልተዘረጋለት፣ ዕውቀቱን ይዞ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ከርሱ በኋላ የሚነሣውም ተማሪ መምህር ፍለጋ እንደ ገና ይሰደዳል። እንግዲህ የሚሄደውን ልጅ ካህናት አባቶች መርምረው ይምከሩት፤ ለሚመለሰውም ሹማምንት ወንበሩን ከወዲሁ ያዘጋጁለት። ወንበር ያልዘረጋ አገር ተማሪው ለምን ቀረ ብሎ ሊወቅስ አይቻለውም።