መግቢያው ሳይለካ ቀጠሮ አትያዙ

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት ለምታሻሽጡ ወገኖቼ

ቤት ለሚገዛ ሰው ኢንስፔክተር የምትጠቁሙት አብዛኛውን ጊዜ እናንተ ናችሁ፤ የእኛ የኢንስፔክተሮቹ እንጀራ ከእናንተ ስልክ ጋር የተያያዘ ነው። ቅሬታዬም ከዚሁ ይነሳል። ከወለል በታች ያለው ክሮል ስፔስ አፍ ላይ ስንደርስ፣ መግባት አለመግባታችንን የሚወስነው የደኅንነት መመዘኛ መሆኑ ቀርቶ የእናንተ ፊት ሆኗል።

እዚያ ውስጥ የሚኬደው በደረት እየተሳቡ ነው። የተላጠ ሽቦ እርጥብ አፈር ላይ ተጋድሞ ሊጠብቅ ይችላል። ሻጋታና የአይጥ ኩስ አለ፤ በቆዩ ቤቶች ደግሞ የቧንቧው መጠቅለያ አስቤስቶስ ሊሆን ይችላል። ከኮርኒስ በላይ ያለው አቲክ በበጋ ከ120 ዲግሪ ፋራናይት በላይ ሊግል ይችላል፤ በኢንሱሌሽን የተሸፈነውን አግዳሚ እንጨት የሳተ እግር ኮርኒሱን ጥሶ ይወርዳል።

የሙያ ማኅበራቱ መመዘኛ አደገኛ መስሎ ወደታየን ቦታ እንድንገባ አያስገድደንም፤ ያልታየውን ክፍል ከነምክንያቱ እንድንጽፍ ብቻ ያዘናል። ነገር ግን «ከመሞት መሰንበት» ብሎ የተመለሰ ሰው «አስቸጋሪ ነው» ተብሎ ለሚቀጥለው ቤት አይጠራም። የፌዴራሉ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ ጠባብና ዝግ የሥራ ቦታዎች ደንብ አውጥቷል። ይሁን እንጂ የኦሻ ሕግ የሚገዛው ቀጣሪን ነው፤ ከእኛ መካከል ለራሱ ብቻውን ለሚሠራው አይደርስለትም።

ገዢውም ከጉዳቱ አያመልጥም። «ክሮል ስፔሱ አልታየም» የሚል ሪፖርት መሠረቱን፣ ቧንቧውንና የምስጥ ጉዳቱን ሳይነካ ያልፋል። አንዳንዶቻችሁ የኢንስፔክሽኑ ቀነ ገደብ ደረሰ ብላችሁ በዚያው ታስፈርሙታላችሁ፤ ችግሩ ከክሎዚንግ በኋላ ሲወጣ ከፋዩ እሱ ነው።

ስለዚህ ውሳኔው ከቀዳዳው አፍ ተነስቶ ወደ ቀጠሮው ይምጣ። አሜሪካ ውስጥ በስፋት የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ በወለል በኩል ለሚከፈት የክሮል ስፔስ መግቢያ 18 በ24 ኢንች፣ በግድግዳ በኩል 16 በ24፣ ለአቲክ ደግሞ 22 በ30 ይጠይቃል። ከኮዱ በፊት የተሠሩ ቤቶች ግን ከዚህ የጠበበ ሊኖራቸው ይችላል። የሻጩ ኤጀንት የመግቢያውን ፎቶና ልክ አስቀድሞ ይላክ። ባለቤቱ ቁልፉን ይክፈት፤ ክሎዜቱ ውስጥ መግቢያውን የዘጋውን ዕቃም ያንሳ። ኢንስፔክተሩ ሲገባ አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይጠብቀው፤ የሚጠብቅ ከሌለ አይግባ። ውሃ ወይም የተላጠ ሽቦ ከታየ ሥራው ይቁም፤ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ይምጣ። መግባት ካልተቻለ የኢንስፔክሽኑ ቀን ይራዘም፤ የሁለተኛውን ጉብኝት ዋጋም መግቢያውን ሳያዘጋጅ የቀረው ወገን ይክፈል።

ይህን ሁሉ ለማድረግ አዲስ ሕግ መጠበቅ አያስፈልግም። በኦፈሩ ላይ ሁለት መስመር መጨመር ይበቃል፤ ኦፈሩን የምታዘጋጁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የቤት ኢንስፔክተር