ከፎቶው ጀርባ ጻፉበት

አምባሰልን የምናውቀው በጆሯችን ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ እያልን ቅኝቶቹን ስንቆጥር አብሮ ይነሳል። ተራራውን በፎቶ አሳይተው "ይሄ የት ነው?" ቢሉን ግን ስንቶቻችን እንመልሳለን? እስኪ ስልካችሁን ክፈቱና በጉዞ ላይ ያነሳችኋቸውን ተራሮች ተመልከቱ። የስንቱን ስም ታውቃላችሁ? በየትኛው ወር እንደተነሱስ?

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ሐይቅን አልፈን ውጫሌ ስንደርስ፣ መኪናው ውስጥ የነበረው ክርክር ሌላ ነበር፤ ፊልም ይሻላል ወይስ ዲጂታል? አንዷ ጓደኛችን የአጎቷን አሮጌ ዜኒት ይዛለች። ፊልሙ ባለ 36 ስለሆነ መኪና እያስቆመች፣ ብርሃን እየጠበቀች፣ ለአንድ ገደል ሩብ ሰዓት ትፈጃለች። ሌሎቻችን በዲጂታል ካሜራ በመስኮት ሳይቀር እናነሳለን፤ ያላማረንን እናጠፋለን። እሷ "እናንተ አታዩም፣ ትለቅማላችሁ" ትለናለች። እኛ ደግሞ "መጀመሪያ ፊልምሽን የሚያጥብልሽ ፎቶ ቤት ፈልጊ!" እንላታለን። ሁለታችንም እውነት አለን።

ዋናው ጥያቄ ግን ይሄ አይመስለንም። ፊልምም ይሁን ዲጂታል፣ ቦታውና ጊዜው ያልተጻፈበት ፎቶ እንደያዘው ሰው ፍላጎት ይዞራል። ይሄን ደግሞ ወሎ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ዓለም ወሎን ያወቃት በሁለት ጥቅምቶች ነው። በጥቅምት 1966 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ረሃቡን ለአገሩ ተመልካች አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያዊው ካሜራማን መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ከነበረችው ኮረም ያቀረቡት ዘገባ ዓለምን አዳረሰ። ምስሎቹ እውነት ነበሩ፤ የብዙ ሰው ሕይወትም አትርፈዋል። ነገር ግን ቀኑ ተረሳና ምስሉ ብቻ ቀረ። የክፉ ዘመን መሬት የወሎ የዘወትር መልክ ተደርጎ ተወሰደ። ደህና ዝናብ በጣለ ዓመት ጥቅምት ለአምባሰል የእሸት ወር መሆኑን ማን ጻፈበት? የዲምብልቢንም ፊልም ደርግ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር ቀላቅሎ፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ በቴሌቪዥን አሳይቶታል። ምስሉ ያው ነው፤ ሥራው ግን ሌላ ሆነ።

የውጫሌ ስም ራሱ የታወቀው በዚህ ዓይነት ጣጣ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው አፄ ምኒልክ ከውጭ መንግሥታት ጋር ሲጻጻፉ በኢጣሊያ በኩል ማድረግ እንደሚችሉ ይናገራል፤ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ነገሩ ዓድዋ ድረስ ወሰደን። የተጻፈ ቃል እንዲህ ከተጣመመ፣ ምንም ያልተጻፈበት ፎቶ ምን ያህል ይጣመም?

በ2014 ዓ.ም. ይሄው መንገድ የጦር ግንባር ሆነ። አገሩ ከዚያ በፊት ምን ይመስል እንደነበር ሊመሰክር የሚችለው ቀኑና ቦታው የታወቀ ፎቶ ነው።

"ውበት ደግሞ ማስረጃ ይፈልጋል እንዴ?" የሚል አይጠፋም። ለግድግዳ ጌጥ ከሆነ አይፈልግም። ለምስክርነት ከሆነ ግን ይፈልጋል።

ወላጆቻችን ነገሩ ገብቷቸው ነበር። ፎቶ ቤት ሄደው ይነሱና ከጀርባው "ለማስታወሻ" ብለው፣ ስምና ቀን ጽፈው ይሰጣጡ ነበር። እነሱ ለሰው ያደረጉትን እኛ ለተራራው እናድርግለት። ፊልም የምታነሱ ደብተር ያዙና ከ1 እስከ 36 እየቆጠራችሁ መዝግቡ። ዲጂታል የምታነሱ የካሜራችሁን ቀን አስተካክሉ፤ የሚመዘግበው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑንም አትርሱ። ስልኩ በሳተላይት ነጥቡን ይነግራችኋል፤ የጋራውን ስም የሚያውቀው ግን ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው። ከመኪና ውረዱና ጠይቁት። ለእናንተ ዱር የመሰላችሁ ለሱ ግጦሽ ነው፣ ምንጭ ነው፣ የአያቱ ማሳ ነው።

በየመንገዱ ተራራ የምናነሳ ወጣቶች ዛሬ ብዙ ነን። ከኛ በኋላ የሚመጣው ሰው ወሎን ከሁለቱ ጥቅምቶች ውጭም እንዲያውቃት ከፈለግን አንድ መስመር መጻፍ አይከብደንም፤ አምባሰል፣ ከውጫሌ በኩል፣ ጥቅምት 2011 ዓ.ም.።