አሮጌ ወርቅ አይፈተግም

ስቶክሆልም የምትኖረው ታናሽ እህቴ ባለፈው ወር ደውላ «እታለም፣ ጉድ ሆንኩልሽ!» ስትለኝ ክው ብዬ ቀረሁ። ደግነቱ ጉዳዩ የሰው ሳይሆን የመብራት ሆኖ ተገኘ።

ከዓመታት በፊት ከአሮጌ ዕቃዎች ጨረታ የገዛችው ባለስድስት ክንድ ሻንደሊየር አላት፤ ክሪስታል የተንጠለጠለበት፣ በወርቅ የተለበጠ ነሐስ። ለልጇ ምርቃት እንግዳ ጠርታ ስለነበር ላሳምረው ብላ ተነሳች። እናታችን ለበዓል የነሐስ ትሪዋን የምታጸዳው በሎሚና በጨው ነበር፤ እህቴም በዚያው ፈተገችው። አንዱን ክንድ ጨርሳ ስታየው ወርቁ ሳስቷል፤ ቦታ ቦታውን ነሐሱ ገጦ ወጥቷል።

ነገሩን ያስረዷት አሮጌ ዕቃ የሚጠግኑ አንድ አዛውንት ናቸው። መብራቱ ስዊድኖች በንጉሣቸው በጉስታቭ ሦስተኛ ስም የሚጠሩት ስልት ነው። ንጉሡ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1771 እስከ 1792 ነግሠዋል። በዚያ ክፍለ ዘመን በጣሊያን ሄርኩላኒየምና ፖምፔ ተቆፍረው ሲገኙ፣ አውሮፓ በጥንት ሮማና ግሪክ ጌጥ ተማረከች፤ ኒዮክላሲካል የሚባለው ስልትም ተስፋፋ። ቀጥ ያለ መስመር፣ የተመጠነ ቅርጽ፣ የአበባና የቅጠል ጉንጉን መለያዎቹ ናቸው። ክሪስታሉም ለጌጥ ብቻ አልተሰቀለም። ያን ጊዜ የማታ ብርሃን በዋናነት ሻማ ነበርና፣ ተቆርጦ የተሳለው ብርጭቆ የጥቂት ሻማዎችን ብርሃን ሰባብሮ በክፍሉ ይበትነዋል።

እህቴን ያስለቀሳት ግን የወርቁ ታሪክ ነው። የዘመኑ አንጥረኞች ወርቁን ከሜርኩሪ ጋር ለውሰው እንደ ቅቤ ያለሰልሱትና ነሐሱን ይቀቡታል። ከዚያ እሳት ላይ ያሞቁታል፤ ሜርኩሪው ይተናል፣ ወርቁ ተጣብቆ ይቀራል። የተነነውን መርዝ የሚተነፍሰው ግን ሠራተኛው ነው። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጤናቸው ተቃውሶ የቀሩ ብዙዎች ናቸው። ከ1840ዎቹ ጀምሮ ወርቅን በኤሌክትሪክ መለበጥ ሲስፋፋ አሮጌው ዘዴ እየቀረ ሄደ።

«ሰው ጤናውን የከፈለበትን ወርቅ ነው እኮ በሎሚ ያጠብኩት» አለችኝ። እንደ አዲስ ይለበጥ ቢባል እንኳ የመጀመሪያው ወርቅ አይመለስም። አዛውንቱም የመከሯት ያንን ክንድ እንዳለ እንድትተወው፣ የቀሩትን አምስቱን እንዳትነካቸው ነው።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። እርስዎም አሮጌ ሻንደሊየር በውርስም ሆነ በግዢ እጅዎ ከገባ የሚከተሉትን ያስታውሱ፦

• በወርቅ የተለበጠውን ክፍል በሎሚ፣ በጨው፣ በአመድም ሆነ በብረት ማጽጃ ቅባት አይንኩት። አቧራውን በደረቅና ለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል።
• ከማጽዳትዎ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው ያጥፉ፤ አምፖሎቹም ይቀዝቅዙ።
• ክሪስታሉን ትንሽ ውኃ በነካው ለስላሳ ጨርቅ አንድ በአንድ ይጥረጉ፤ ወዲያው ያድርቁት። በቀጥታ የሚረጭ ፈሳሽ ወደ ሽቦውና ወደ ነሐሱ ስለሚወርድ አይጠቀሙ። ይህ ከሱቅ ለተገዛ አዲስ ሻንደሊየርም ይሠራል።
• ክሪስታሎቹን ከማውለቅዎ በፊት በስልክዎ ከየአቅጣጫው ፎቶ ያንሱ፤ አለበለዚያ የቱ የት እንደነበር ይጠፋብዎታል።
• ለሻማ የተሠራ ሆኖ በኋላ ኤሌክትሪክ ከገባለት፣ ሽቦውንና ከኮርኒሱ የያዘውን መንጠቆ በባለሙያ ያስፈትሹ።

ምርቃቱ በሰላም አለፈ። ያንን ክንድ ልብ ያለ እንግዳ አልነበረም። እህቴ ግን እንግዶቹ ሲሄዱ ልጇን ጠርታ የሳሳውን ቦታ አሳየቻት፤ የአንጥረኞቹንም ታሪክ ነገረቻት። መብራቱ ነገ የልጇ ነውና።