«ቲቸር፣ እዚያ ስበት የለማ!»

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ኢቲአርኤስኤስ-1 እንዴት ሳትወድቅ መሬትን ዞረች? ክፍል ውስጥ ይሄን ስጠይቅ የሚመጣው መልስ ርዕሱ ላይ ያለው ነው።

የሚገርመው፣ ይሄን የሚሉት ቀመሩን በቃላቸው የሚወጡት ልጆች ናቸው። ስበት በሁለቱ አካላት መጠነ ቁስ ብዜት ልክ ይጨምራል፣ በመካከላቸው ባለው ርቀት ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። አንድ ቃል አይስቱም። «ርቀቱ ግን ከየት ነው የሚለካው?» ስትሏቸው ዝም! ጥፋቱ የልጆቹ አይመስለኝም። ፈተናው የሚፈልገው ቁጥር መተካት ብቻ ከሆነ ማን ለዚህ ይጨነቃል?

ርቀቱ የሚለካው ከመሬት እምብርት ነው። ከእግራችን ስር እስከዚያ 6,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሳተላይቷ የዞረችው ከ600 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ብላ ነው። እስቲ 6,400 ላይ 600 ጨምሩና ራሳችሁ አስሉት፤ እዚያ ያለው ስበት የእኛን ከ80 በመቶ በላይ ይሆናል። ታዲያ ለምን አልወደቀችም? ትወድቃለች እንጂ! በሰከንድ 7.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጎን ስለምትምዘገዘግ ግን፣ በወደቀች ቁጥር ክቧ መሬት ከስሯ ትሸሻለች።

ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ጮቄ 4,100 ሜትር ገደማ ነው፣ ማርቆስ 2,450 ገደማ። አንድ ኩንታል ድንች ማርቆስ ላይ በስፕሪንግ ሚዛን መዝናችሁ፣ ያንኑ ሚዛንና ድንች ጮቄ አናት ብታወጡ፣ በርቀቱ ብቻ ስናሰላው የሚቀንሰው 50 ግራም ገደማ ነው። አንዲት ደቃቃ ድንች! በባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ከሆነ ደግሞ ምንም ለውጥ የለም፤ ድንቹም መመዘኛው ብረትም እኩል ነዋ የሚቀልላቸው። መጠነ ቁስና ክብደት ለየቅል መሆናቸውን በዚህ ማሳየት እየተቻለ ሁሌ ጨረቃ ድረስ ለምን እንደምንሄድ አይገባኝም።

አንዳንዴ ነቃ ያለ ልጅ ይነሳና «ቲቸር፣ ተራራውስ ራሱ አይስብም?» ይላል። ይስባል! ከእግራችን ስር የተከመረው የጮቄ ድንጋይ መጠነ ቁስ ስላለው፣ ከዚያች 50 ግራም የተወሰነውን ይመልሳል። ለዚህ ልጅ ቀመሩን ቢረሳውም ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።