ቀጥቃጩ አርበኛ

ፋሺስት ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ወረረ። የጎጃምና የጎንደር አርበኞች አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋጉ። የደጃዝማች በላይ ዘለቀን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የአርበኛውን ጠመንጃ ሲሰበር ማን ጠገነው? ቀጥቃጩ ነው። ወናፉን እየነፋ፣ ብረቱን እያጋለ፣ በመዶሻ እየመታ ለአገሩ ታገለ።

በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባረረ። ቀጥቃጩም ማረሻና ማጭድ እየሠራ ልጆቹን አሳደገ። እኛስ ምን አልነው? በሠራልን ማረሻ እያረስን «ቡዳ ነው» አልነው። ከልጆቹ ጋር አንጋባም አልን። እንደ እሱ ያሉ ብዙዎች ስማቸው ሳይጻፍ አለፉ።

የደልጊ አባቶችና እናቶች! ዛሬ እርሳስ ይዛችኋል። እንዲህ ያለ ሰው በመንደራችሁ ነበረ? ስሙን፣ ሙያውን፣ የልጆቹንም ስም በደብተራችሁ ጻፉ። ከዚያም ለልጆቹ አንብቡላቸው።